ከአብራክ የወጣ እንግዳ

እ.ኤ.አ. በ1952 ማብቂያ ላይ ማሪየስ ሬናር የሚባል የ16 ዓመት ፈረንሳዊ የአናጺ ረዳት ከሚሠራበት ከፍታ ላይ ወደቀ። ሐኪሞች ደሙን ለማቆም የፈረሰውን ቀኝ ኩላሊቱን አወጡ። ሌላ ኩላሊት እንደሌለው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲፈጠር ጀምሮ ባለ አንድ ኩላሊት ነበር። ዛሬ እጥበት የምንለው ሕክምና ገና በየሆስፒታሉ አልተዳረሰምና የልጁ ዕድሜ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። እናቱ ዢልቤርት የራሷን ኩላሊት እንዲወስዱለት ለመነች። በፓሪሱ ኔከር ሆስፒታል ዣን አምበርዤ የሚመራው ቡድን በገና ዋዜማ ሌሊት አንዱን ኩላሊቷን ወደ ልጇ አዛወረ። ኩላሊቱ ወዲያው ሽንት ማጣራት ያዘ፤ ልጁ ነፍስ ዘራ፤ የፈረንሳይ ጋዜጦችም ስለ እሱ ጽፈው አልጠገቡም። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ግን ኩላሊቱ ሥራውን አቆመ። የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሳያልቅ ማሪየስ ሞተ።

የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የሚያነሡት በሕይወት ካለ የሥጋ ዘመድ የተወሰደ ኩላሊት በሰው ገላ ውስጥ ሲሠራ የታየበት የመጀመሪያው ጊዜ ስለሆነ ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ለልጇ ልትሰጥ የምትችለውን ሰጠች፤ የሰጠችውም ደረሰ፤ ደርሶም ሠራ። ከዚያ በኋላ ተመለሰባት። የመለሰባት ቀዶ ሐኪሙ አይደለም፤ የሚረገም ጠላትም የለም። አላውቅሽም ያላት የገዛ ልጇ ደም ነው። አንደበቱ እናቴ እያለ ደሙ ባዕድ ናት ብሎ ፈረደባት። ልጁ የሌላ ሰው አካል ተተክሎለት የሚኖር ወላጅ ሁሉ፣ ነገሩ በሰላም ቢያልቅለትም እንኳ፣ ከዚህ ፍርድ የሚነሣውን ጥያቄ የሚያመልጥ አይመስለኝም። የእኔ የምለው ልጅ የእኔ የሆነው በምኑ ነው?

ጥያቄውን የሚያከብደው ከዚያ በፊት የነበረው ዘጠኝ ወር ነው። ጽንስ ግማሹን ከአባቱ የወረሰ ስለሆነ ለእናቱ ገላ በከፊል ባዕድ ነው። ከባሏ የተወሰደ ቆዳ ክንዷ ላይ ቢተከል ብዙም ሳይቆይ ጠቁሮ ይረግፋል፤ የባሏን ግማሽ የያዘውን ጽንስ ግን ተሸክማ፣ መግባ፣ ለመወለድ ታበቃዋለች። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር ይህን እንቆቅልሽ በጽሑፍ ያቀረበው ማሪየስ በሞተበት በዚያው በ1953 ነበር። ሜዳዋር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች ከሌላ ሰው የሚተከል ቆዳ ለምን እንደማይዝ ሲመረምር፣ ሰውነት ባዕዱን እንደሚለይ፣ ለይቶም እንደማይረሳ አረጋገጠ። ከዚያው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደ ቆዳ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይረግፋል። በዚህ መስክ በሠራው ሥራ በ1960 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የጽንሱ ጥያቄ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እንግዴ ልጁ በሁለቱ መካከል ሆኖ እንደሚያስማማቸው፣ የእናትየው የመከላከያ ሕዋሳትም በዚያ አካባቢ ጠባያቸውን እንደሚለውጡ ይታወቃል።

አበው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ያሉት ከአንድ ማሕፀን የማይመሳሰሉ ልጆች ይወጣሉ ለማለት ነው። ሜዳዋር ያነሣው ጉዳይ በዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ ይጨምርበታል፤ ያ ሆድ መጀመሪያውኑ የማይመስለውን አስተናጋጅ ነው። ወላጅ ልጁን የሚያውቀው ከራሱ የወጣ አድርጎ ነው። የእናት ገላ ግን ልጁን ከመነሻው የሚይዘው እንግዳ አድርጎ ነው፤ እንግዳ መሆኑን ሳይክድ ቦታ ይሰጠዋል። የልጅ ገላ በበኩሉ እንዲህ ያለ ችሎታ የለውም። ማሪየስ በእናቱ ውስጥ ዘጠኝ ወር ተቀመጠ፤ ከእናቱ የመጣ ኩላሊት ግን በእሱ ውስጥ ከሦስት ሳምንት በላይ አልበረከተም።

ከዚህ ተነሥቶ ልጅ ውለታ ቢስ ነው የሚል ትምህርት ማውጣት ስንፍና ነው። ያን ኩላሊት የገፋው ጥበቃ ማሪየስን ከኩፍኝና ከሳንባ ምች፣ ከዛገ ሚስማርና ከቆሸሸ ቁስል እየጠበቀ 16 ዓመት ያደረሰው ያው ጥበቃ ነው። ባዕድ የማይለይ ገላ አንድ ክረምት አይሻገርም። እናት ልጄ ጤነኛ ይሁን ብላ ስትጸልይ የኖረችው፣ ሳታውቀው፣ አንድ ቀን እሷንም የሚመልስ ዘበኛ እንዲቆምለት ነው። ራሱን የቻለ ልጅ ማለት ይኸው ነው፤ ጥንካሬው ከወላጁም ጭምር የሚለየው።

ሥጋውም ቢሆን ይህን በቁጥር ይናገራል። ልጅ የቲሹውን ዓይነት ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ እንደ ደንቡ ግማሽ ነው፤ የቱንም ያህል ቢወደው ወደ ሙሉ አይጠጋም። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድምና እህት እንኳ ሙሉ በሙሉ ሊገጥሙ የሚችሉበት ከአራት አንድ ዕድል አላቸው። ከፓሪሱ ሙከራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1954፣ ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ የሚባለው ቀዶ ሐኪም ከሮናልድ ሄሪክ ኩላሊት ወስዶ ለወንድሙ ለሪቻርድ ተከለ፤ ያም ያዘ። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ጨምሮ ኖረ። ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ነበሩና የሪቻርድ ገላ የሌላ ሰው አካል መግባቱን ሳያውቅ ቀረ። ያን ቀን የሠራው ፍቅር አይደለም፤ መምሰል ነው። ወላጅ ደግሞ ልጁን እንዲህ የሚመስልበት መንገድ የለውም።

እንዲህም ሆኖ ዛሬ የአንድ ልጅ ኩላሊት ሲደክም መጀመሪያ ክንዳቸውን ለመርፌ የሚዘረጉት እናትና አባት ናቸው። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር የተያዘውም መንገድ ይኸው ነበር፤ በሕይወት ያለ ዘመድ ለዘመዱ ይሰጣል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው፣ ወይም ሕዝብ የለመነለት፣ ወደ ህንድ ይሄድ ነበር። የታማሚ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ በየሰፈሩ ሲዞር ያላየ የከተማ ሰው ጥቂት ነው።

እስቲ የምርመራ ውጤት ለመስማት ኮሪደር ላይ የተቀመጡ ባልና ሚስትን በዓይነ ልቦናችን እንይ። ሁለቱም ክንዳቸው ላይ ደም የተቀዳበት ጥጥ በፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። ክርክራቸው በሹክሹክታ ነው።

«እኔ ነኝ የምሰጠው። አንተ ሥራ አለህ» ትላለች።

«ሥራው የት ይሄዳል? አንቺ ለትንሿ ታስፈልጊያለሽ። ደግሞ ያን ሰሞን ያመመሽን ረሳሽው?»

«ያ ጨጓራ ነው።»

ከዚያ ይጠራሉ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ለአባትየው ይነግረዋል፤ «እርስዎ የደም ግፊት አለብዎት። ከእርስዎ መውሰድ አንችልም።» አባት ጥቂት ዝም ብሎ፣ «በራሴ ኃላፊነት ብፈርምስ?» ይላል። ሐኪሙ በፊርማ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ይመልስለታል። ሰውየው እጁን ወደ ክንዱ ይልክና ፕላስተሩን ቀስ ብሎ መላጥ ይጀምራል።

ስለ ሰጪው ብዙ ይወራል። አገር ምድሩ ይመርቀዋል፤ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ በሬ ታርዶ ሾርባ ይሠራለታል። ሊሰጥ ቀርቦ ስለተመለሰው ግን የሚናገር የለም። እኔ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚከብደው የሁለተኛው ዕጣ ይመስለኛል። ሰጪዋ ቁስሏን ታያለች፤ ሕመሟ ምስክር ይሆናታል። እሱ የሚያሳየው የለውም። በፈቃዱና በልጁ ሕይወት መካከል የቆመው የራሱ ገላ ነው። ዢልቤርት በሦስት ሳምንት የተማረችውን እሱ በሦስት ደቂቃ ይማረዋል፤ መውደድ ብቻውን አያደርስም። ከዚያ በኋላ አባትነቱን የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው። ካርድ ያወጣል፤ ወረፋ ይይዛል፤ ምሳ ዕቃ ይዞ ይመላለሳል፤ መድኃኒት ከጠፋ ከተማውን ያስሳል፤ ሌሊት ወንበር ላይ ያድራል። እንዲህ ሲሆን ከእናትየው ያነሰ ወላጅ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወላጅነትን ከሥጋ ቁራጭ ጋር እኩል አድርጎ መዝኗል ማለት ነው።

ሰጪዋስ ነፃ ሆና ነው የምትሰጠው? ሐኪም ለብቻዋ አስቀምጦ ያስገደዳት ሰው እንዳለ ሲጠይቃት ጥያቄው ራሱ ስድብ ሊመስላት ይችላል። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም ትላለች፤ ስትለውም በኩራት ነው። ሰውን ሌላ ሰው ሲያስገድደው ነፃነቱን ተነጠቀ እንላለን። ሰውን ማንነቱ ሲያስገድደው ግን ነፃነቱን የተነጠቀ ሳይሆን የተጠቀመበት ይመስለናል፤ እኔም በዚህ አምናለሁ። ሆኖም የሐኪሞቹ ማመንታት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከወላጅ ጉበት ቆርጠው ለልጅ ለመትከል ሲነሡ፣ ጤነኛን ሰው ለሌላው ሲሉ መቁረጥ ይገባል ወይ የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው በሕክምና መጽሔት ለአደባባይ አወጡት። ከዚያ በኖቬምበር 27 ቴሪ ስሚዝ ከጉበቷ ከፍላ ለ21 ወር ልጇ ለአሊሳ ሰጠች። ልጅቷ ዳነች። እናትየው ግን በዚያው ቀዶ ሕክምና ላይ በደረሰ ጉዳት ጣፊያዋን አጣች። ጉበት ተከፍሎ በሁለቱም ዘንድ መልሶ ያድጋል፤ ጣፊያ አያድግም። ሐኪሞቹ ጥያቄውን ያነሡት በምክንያት ነበር። ሌሎች ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ገላዋ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ለአንዱ የምትሰጠው የሌሎቹን እናት አስይዛ ነው።

ኩላሊትና የጉበት ቁራጭ ከሕያው ሰው ይገኛሉ። ልብ ግን ከሕያው አይወሰድም። ልቡ የደከመ ሕፃን ደግሞ የሚያስፈልገው ደረቱ የሚችለው መጠን ያለው ልብ ነው፤ ያም በአብዛኛው የሌላ ሕፃን ልብ ነው። እንዲህ ያለ ሕክምና ባለበት አገር አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩ እንዲጠራ የምትጸልይ እናት የምትለምነው ምንድን ነው? «የወለደ አልጸደቀም» የሚለው ብሂል እንዲህ ላለው ሰዓት የተባለ ይመስላል። ለልጁ ሲል ሰው የማይመኘው የለም፤ የተመኘውንም ለነፍስ አባቱ መናገር ያፍራል። በአእምሮ ስናየው መልስ አለው። ያ ሌላው ልጅ የሚሞተው እሷ ስለለመነች አይደለም፤ መኪናው፣ ውኃው፣ ሕመሙ እሷን አይሰማም። እሷ የምትለምነው የሚሆነው ከሆነ በኋላ ሞት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። መልሱ እውነት ነው። ለአእምሮ ይበቃል፤ ለሆድ ግን አይበቃም። ስልኩ ሲጠራ በዚያው ቅጽበት አንድ ሌላ ቤት እሪ እያለ መሆኑን ታውቃለችና።

ወደዚያ ሌላ ቤት ደግሞ እንግባ። ዲሴምበር 2 ቀን 1967 ኬፕታውን ውስጥ ኤድዋርድ ዳርቫል ከቤተሰቡ ጋር በመኪና ሲሄድ ኬክ ለመግዛት መንገድ ዳር ቆሙ። ሚስቱ ሜርትልና የ25 ዓመት ልጁ ዴኒዝ አስፋልቱን ሲያቋርጡ መኪና ገጫቸው። ሚስቱ እዚያው ሞተች። የዴኒዝ አንጎል ሊድን በማይችል ሁኔታ ተጎዳ። በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሐኪሞች ቀርበው ልቧንና ኩላሊቷን ለመውሰድ እንዲፈቅድ ጠየቁት። አራት ደቂቃ ያህል አስቦ እንደፈቀደ ይነገራል። ልጄን ማዳን ካልቻላችሁ ሌላውን ለማዳን ሞክሩ የሚል ነበር የውሳኔው ፍሬ ነገር። በማግሥቱ ክርስቲያን ባርናርድ ልቧን ሉዊስ ዋሽካንስኪ ለሚባል ሰው ተከለለት፤ ዓለምም ይህን ስም አወቀ። ሰውየው 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ምች ሞተ። ኩላሊቷ ደግሞ ለአንድ የ10 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ ልጁ የአፓርታይድ ሕግ ከለርድ ብሎ ከነጮች የለየው ወገን ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ሆስፒታል ነጭና ነጭ ያልሆነ ታማሚ በአንድ ክፍል አይተኛም። የነጭ ሴት ኩላሊት በዚያ ልጅ ገላ ውስጥ መግባቱ ብዙ አነጋገረ፤ ሰውነት የሚለየው የቆዳን ቀለም ስላልሆነ ሕጉ ያጠረውን አጥር ሳያውቀው አለፈው።

ስለ ዋሽካንስኪ መጻሕፍት ተጽፈዋል። እኔ የምመለሰው ወደዚያ አባት ነው። ሚስቱንና ልጁን በአንድ ከሰዓት ያጣ ሰው፣ ገና ልቅሶ ሳይቀመጥ፣ የልጁን ገላ በተመለከተ የመጨረሻውን የአባትነት ሥልጣን እንዲጠቀም ተጠየቀ። የእኔ ናት፣ አትንኩብኝ ሊል ይችል ነበር፤ የሚወቅሰውም ባልተገኘ። እሱ ግን የእኔ ናት የማለት መብቱን የተጠቀመበት ለመልቀቅ ነው። የሰጠውም ውጤት ታይቶለት አይደለም። ልቧ የቆየው 18 ቀን ነው፤ ያን አስቀድሞ ቢያውቅ እንኳ የውሳኔው ዋጋ የሚቀንስ አይመስለኝም። ስጦታ የሚለካው በሰጪው እጅ እንጂ በተቀባዩ ዕድሜ አይደለም።

እዚህ ላይ የውለታ ጥያቄ ይመጣል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው ታዋቂ ጥናት ስጦታ ነፃ እንዳልሆነ፣ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ የሚባሉ ሦስት ግዴታዎችን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ለእኛ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ብድር በምድር ነው። ልቅሶ የደረሰልንን ልቅሶ እንደርሳለን፤ ለሠርጋችን በግ የጎተተልንን ስናስታውስ እንኖራለን። በአካል ስጦታ ግን መዝገቡ አይዘጋም። ለሞተ ልጅ ወላጅ ምን ይመለስለታል? ብዙ አገሮች ሰጪና ተቀባይ እንዳይተዋወቁ በሕግ ይከለክላሉ፤ የምስጋና ደብዳቤ እንኳ ስም ሳይጻፍበት በሦስተኛ ወገን በኩል ይሄዳል። አሜሪካውያኑ ረኔ ፎክስና ጁዲት ስዌዚ በንቅለ ተከላ ዙሪያ ለዓመታት ሲያጠኑ ተቀባዮችን የሚያስጨንቅ አንድ ነገር ደጋግመው አይተው የስጦታ አምባገነንነት ብለው ሰየሙት። ሊመለስ የማይችል ስጦታ ተቀባዩን ያስረዋል።

እስሩ የሚጠብቀው ደግሞ ሰጪው ወላጅ ሲሆን ነው። እናት ልጇን አጥብቃ ስትለምን በጠባኸው ጡት ትለዋለች፤ ከዚያ በላይ መማጸኛ የለም። እስቲ በሰጠሁህ ኩላሊት ስትለው አስቡት። የምትመርጥለትን ትምህርት፣ የምትጠላትን የሴት ጓደኛ፣ ሊሄድበት ያሰበውን አገር በዚያ ሚዛን ላይ ካስቀመጠችው ልጁ ምን አፍ ይኖረዋል? አንድም ቃል ሳትናገር እንኳ ጎኗን ይዛ ስትነሣ ካየ ይበቃዋል። በሰውነቱ ውስጥ የገባው ኩላሊት ሳይሆን ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ይሆንበታል።

በዚህ ረገድ ባህላችን የሚያስተምረን አለ። በቀድሞ ዘመን ሰው ያልወለደውን የጡት ልጅ ያደርግ ነበር፤ ማር የተቀባ ጣት ያጠባውና ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ይባላሉ። የዚህ ሥርዓት ጥበቡ ዝምድና በደም ብቻ እንደማይመጣ ማወቁ ነው። ባዕድ የነበረ ሰው ወደ ውስጥ በሚገባ ነገር ዘመድ ይሆናል። የገባው ነገር ግን ተመላሽ አይደለም። ማሩ ተውጧል፤ ወተቱም ሥጋ ሆኗል። ኩላሊቱም እንዲሁ ነው። ከተተከለ በኋላ የእናትየው ኩላሊት ብሎ ነገር የለም፤ የልጁ ኩላሊት ነው። እናትየው ይህን ስታምን ነው ስጦታው የሚፈጸመው፤ ከቀዶ ሕክምናው ቀን ዓመታት ሊዘገይም ይችላል።

ኩላሊቱ የልጁ ሆነ ስንል ግን የልጁ ገላ ተስማማ ማለታችን አይደለም። ንቅለ ተከላ የአንድ ቀን ታላቅ ሥራ ይመስላል፤ ኑሮው ግን የሰዓት ኑሮ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ በየዕለቱ፣ ያለ በዓል። ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት ካነሰ ገላው ኩላሊቱን መግፋት ይጀምራል፤ ከበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ በየጊዜው ደም ተወስዶ ይለካል። ሌላ ቤት ፓራሲታሞል ተሰጥቶት የሚታለፍ ትኩሳት በዚህ ቤት ጫማ ለማጥለቅ እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ የሚያስሮጥ ነው። በፋሲካ አክስት የልጁን ጉርሻ ከክትፎው ስታነሣ እናት እጇን ይዛ «ለሱ የበሰለው ይሁን፣ እታለም» ትላለች፤ አክስትም «ኧረ ለብለብ ነው፣ ምን ይለዋል!» ብላ ትቀየማለች። ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ንፉግነት ይመስላል።

ይህን ኑሮ የሚቻል ያደረጉት መድኃኒቶች የመጡት ከአፈር ነው። ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ ደጋ፣ ከሃርዳንገርቪዳ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ሻጋታ ወጣ፤ ታክሮሊመስ እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ በጹኩባ አካባቢ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ። ሁለቱም የሚሠሩት ገላው ባዕዱን እንዳያውቅ በማድረግ አይደለም። ያውቀዋል፤ ዘማቹን ግን ያዘገዩበታል። ባዕድነቱ አልጠፋም፤ ጠቡ ነው የበረደው። እናት ማሕፀን ውስጥ ያለ ክኒን የሆነው ነገር እዚህ በክኒን፣ በሰዓት፣ በመርፌና በወረፋ ይሠራል። ለእኔ የልጅን ንቅለ ተከላ ከሕክምና ወደ ሐሳብ የሚያሻግረው ይህ ነው። ልጅ የእኔ የሚሆነው ከእኔ ስለወጣ ወይም እኔን ስለመሰለ ከሆነ፣ ደሙ ይህን አስቀድሞ አፍርሶታል። የእኔ የሚሆነው የማይመስለኝን ሆኖ እንዲኖር ቦታ ስሠራለት ነው፤ ያም ሥራ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን ጠዋትና ማታ የሚሠራ ነው።

ሥራው ደግሞ የወላጅ ብቻ ሆኖ አይዘልቅም። የተተከለ ኩላሊት ለዕድሜ ልክ አይሆንም፤ ከሕያው ሰው የተገኘ፣ ደህና ከተያዘ፣ 15 ወይም 20 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በልጅነቱ የተተከለለት ሰው ጎልማሳ ሲሆን ሁለተኛ ያስፈልገው ይሆናል። እናት ግን ሁለተኛ የምትሰጠው የላትም። ያን ጊዜ ልጇ የሚኖረው ስሟን በማያውቅ ሰው ቸርነት ነው። በአገራችን የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከሞት በኋላ የዓይናቸውን ብሌን ለመስጠት ቃል የሚገቡ ሰዎችን ሲመዘግብ ኖሯል፤ ስለዚህ ለማናውቀው ሰው ከገላችን መተው ለእኛ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዘመድ የተጀመረው ነገር በባዕድ ካልተደገፈ የትኛውም እናት ልጇን ብቻዋን አትዘልቀውም።

ሌላም መልቀቅ አለ፤ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው። ልጁ ያድጋል። አንድ ቀን የመድኃኒቱን ሳጥን እኔ ልያዘው ይላል፤ ወይም ሊይዘው የሚገባበት ዕድሜ ይደርሳል። የተተከለ ኩላሊት የሚጠፋበት አደጋ ከፍ የሚለው በአሥራዎቹ ማብቂያና በሃያዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ በሙያው ያሉ ሐኪሞች ያውቁታል፤ አንዱ ምክንያት ልጁ ከወላጁ ቁጥጥርና ከልጆች ሐኪሙ እጅ በአንድ ወቅት መውጣቱ ነው። መድኃኒቶቹ ፊት ያሳብጣሉ፤ ፀጉር ያበዛሉ፤ እጅ ያንቀጠቅጣሉ። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሰው ከሞት ይልቅ ከጓደኞቹ መለየትን ይፈራል። አንድ ቀን ይዘላል፤ ምንም አይሆንም። ሌላ ቀን ይዘላል። ገላው ግን ዝም ብሎ ይቆጥራል።

ወላጅ ሳጥኑን አልለቅም ቢል ልጁ ሰው ሳይሆን ታማሚ ሆኖ ይቀራል። ቢለቅ፣ የሰጠው አካል በልጁ ቸልተኝነት ሊጠፋ ይችላል። ከሁለቱ መምረጥ ካለበት መልቀቅ ያለበት ይመስለኛል፤ ቀስ በቀስ፣ እያስተማረ፣ ግን በእውነት። ሲለቅም ውለታውን ማስፈራሪያ አድርጎ ከሳጥኑ ጋር እንዳይሰጠው መጠንቀቅ አለበት። እናትህ ለዚህ ብላ ነው ወይ የተቆረጠችው ተብሎ የተዋጠ ክኒን ለጊዜው ይሠራል፤ ቆይቶ ግን ልጁ ዕዳውን ለመጣል ሲል ክኒኑን አብሮ ይጥላል።

የተሰጠ ኩላሊት ጥሩ ልጅ አይገዛም። ልጁ ሰነፍ ተማሪ፣ ጭቅጭቅ የሚወድ ባል፣ ስልክ የማይደውል ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እንደማንኛውም የሰው ልጅ። የዳነው ለምስክርነት አይደለም፤ ለተራ ኑሮ ነው፤ ተራ ኑሮ ደግሞ የመሳሳት መብት አለበት። ስለዚህ ወላጅ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሊያስተምረው የሚገባው ትምህርት ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚቃረን ቢመስልም። መድኃኒቱን በሕይወቱ ሙሉ እንዳይረሳ፣ ውለታውን ግን ያለ ሐፍረት እንዲረሳ። የመጀመሪያውን ማንኛውም ነርስ ልታስተምረው ትችላለች። ሁለተኛውን ሊያስተምረው የሚችለው የሰጠው ሰው ብቻ ነው፤ የሚያስተምረውም አስቀድሞ እሱ ራሱ ሲረሳው ነው።